መሣሪያው የራሱ የሆነ ሙዚቀኛ

ስለ ኃይሉ መርጊያ ባለፉት ዐሥር ዓመታት በፈረንጅ ጋዜጦች ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው ጽሑፍ የሚጀምረው ከታክሲው ነው። ዋሽንግተን አጠገብ ባለ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ የኖረ፣ ዓለም የረሳው፣ በኋላ አንድ አሜሪካዊ ያገኘው ሹፌር ተደርጎ ይቀርባል። ታሪኩ እንዲህ ሲነገር ልብ ይነካል፤ ሰውየውን ግን ያሳንሰዋል። ኃይሉ እስኪገኝ ድረስ የጠፋ ሰው አልነበረም። ሕይወቱን ከሥር ለተከተለ፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ በአንድ ሐሳብ የጸና ሰው ነው የሚታየው፦ መሣሪያው የራሱ፣ ቀረጻው የራሱ፣ እንጀራውም የራሱ እንዲሆን። ስለዚህ ከሥሩ ልነሳ።

የተወለደው በ1946 ደብረ ብርሃን ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዐሥር ዓመቱ ላይ አዲስ አበባ ገባ። በልጅነቱ የአማራውንም የኦሮሞውንም የትግርኛውንም ዘፈን እየሰማ አደገ፤ ይህ ቅልቅል በኋላ በሠራቸው ካሴቶች ሁሉ ውስጥ ይሰማል። ዐሥራ አራት ዓመት ሲሆነው አኮርዲዮን ያዘ። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም፤ በራሱ ጆሮ እየፈለገ ነው ያገኘው። ገና ልጅ ሳለም ጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል ገብቶ ለሁለት ዓመት ያህል ቆየ።

በዚያን ዘመን ሙዚቀኛ መሆን ማለት የመንግሥት ሠራተኛ መሆን ማለት ነበር። ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ሀገር ፍቅር፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፤ ጥሩንባውም፣ ሳክስፎኑም፣ የደንብ ልብሱም ከእነዚህ ቤቶች ግምጃ ቤት ይወጣና ተመልሶ እዚያው ይገባል። ጥላሁን ገሠሠ እንኳ የክቡር ዘበኛ ሰው ነበር። ከእነዚህ ቤቶች ወጥቶ መኖር የሚሻ ሙዚቀኛ የሚቀረው መጠጥ ቤትና የምሽት ክበብ ነው። ኃይሉ ይህን መንገድ መረጠ። አኮርዲዮን ለዚህ ኑሮ የተመቸ መሣሪያ ነበር፤ መብራት አይፈልግም፣ አጃቢ አይፈልግም፣ በትከሻ ይንጠለጠላል። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየዞረ በመጫወት የምሽት ሥራን ከታች ተማረ።

የ1960ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ለእንዲህ ዓይነቱ ወጣት በር የምትከፍት ከተማ ነበረች። ሂልተን በ1969 ተከፈተ። በዚያው ዓመት አመሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ፣ ሸክላ ማሳተም የመንግሥት ብቻ ነው የሚለውን ድንጋጌ ተጋፍቶ የራሱን አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ። ቀጥሎ ዓሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቀው ዓሊ አብደላ ኬይፋ መጣ። በድንገት የሙዚቃ ገበያ ተፈጠረ። ድምፃዊው፣ ሳክስፎን ነፊው፣ ዜማ ቀማሪው ከወር ደመወዝ ሌላ የሚበላበት መንገድ አገኘ። በክበቦቹም የኤሌክትሪክ ኦርጋን ገባ። አኮርዲዮን ያረጀና የገጠር ጠጅ ቤት ነገር መምሰል ጀመረ፤ ኃይሉም ወደ ኦርጋን ተሻገረ።

ዋልያስ ባንድ የተወለደው በዚህ ጊዜ ነው። አባላቱ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቬነስ ክበብ ውስጥ ተገናኙ፣ ከዚያ ዙላ ክበብ፣ ከዚያም ሂልተን። ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፣ ማህሙድ አማን ጊታር፣ መላከ ገብሬ ቤዝ፣ ተማረ ሐረጉ ድራም፣ ኃይሉ ኦርጋን፣ ግርማ በየነ ፒያኖና ቅንብር። እነዚህን ስሞች አንድ በአንድ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፤ በእኛ ሀገር የዘፋኙ ስም በሸክላው ላይ ይጻፋል፣ ከኋላው የቆሙት ግን ስም የላቸውም።

ዋልያስን ከሌሎቹ የለየው አጨዋወቱ ብቻ አይደለም። በጊዜው ልማድ መሣሪያውን የሚገዛው የክበቡ ባለቤት ነው፤ ሙዚቀኛው ባዶ እጁን ይመጣል፣ ከባለቤቱ ጋር የተጣላ ቀንም ባዶ እጁን ይወጣል። መሣሪያ የሌለው ሰው በደመወዝ መደራደር አይችልም። ዋልያስ ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። ከዚያ ወዲያ ሆቴል የሚገቡት እንደ ቅጥር አሽከር መሆኑ ቀርቶ በውል ነበር፤ ውሉ ካልጣማቸው መሣሪያቸውን ጭነው መሄድ ይችላሉ። ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን ሲወራ ስለ ድምፅና ስለ ቅኝት ብዙ ይባላል። እኔ ግን ይህ የመሣሪያ ግዢ ከብዙ ዘፈኖች እኩል ሊጻፍ የሚገባው ይመስለኛል። ከመንግሥትም ከባለ ክበብም እጅ የወጣ ሙዚቀኛ የቆመው በዚያ ላይ ነው።

ሂልተን ውስጥ የሚጫወት ባንድ ሁሉን መቻል አለበት። ዲፕሎማት አለ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተሰብሳቢ አለ፣ የአገር ቤት ነጋዴ አለ። እራት ላይ ለስለስ ያለ ነገር፣ ሲመሽ የላቲንና የአሜሪካ ዳንስ፣ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ደግሞ የአማርኛው። ሌሊቱን ሙሉ ይህን ሁሉ የተጫወተ ጣት ሳይወድ በግዱ ይሰላል። የኃይሉ አጨዋወት ከሌሎች የሚለይበት አንድ ባሕርይም እዚህ የተቀረጸ ይመስለኛል። ዜማውን አይቸኩልበትም፤ እንደ ድምፃዊ ይተነፍሳል፣ ዘፋኙ ግጥሙን በሚጥልበት ቦታ እሱ ኖታውን ይጥላል። ቃል የሌለው ዘፈን ሲጫወት ግጥሙ የሚሰማን ለዚህ ነው።

ከዚያ 1974 መጣ። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ ወጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ። እኩለ ሌሊት ላይ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ የሚችልበት ጊዜ ሆነ። ብዙ ክበቦች ተዘጉ። የሂልተን እንግዳ ግን ሌላ መላ አገኘ፦ ከሰዓት እላፊ በፊት ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ እስኪነጋ አይወጣም። ባንዱም አብሮ ታስሮ ያድራል። በ1977 እና በ1978 ቀይ ሽብር ከተማውን ሲያርስ፣ ጠዋት ጠዋት ሬሳ በየመንገዱ ሲታይ፣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሰው እስኪነጋ ይደንስ ነበር። ይህን የሚሰማ ሰው ሊፈርድ ይቸኩል ይሆናል። የዚያን ዘመን ወጣት ሌሊት ግን ያላየ አያውቀውም፤ ሲነጋ በሕይወት ወጥቶ ወደ ቤቱ የሚሄድበት አንድ አስተማማኝ ቦታ ማግኘት ራሱ ዕድል ነበር።

ያ ጊዜ የመሣሪያ ብቻ ሙዚቃ ያበበበት ጊዜም ነው። ግጥም በሳንሱር ያልፋል፤ አንድ መስመር ሁለት ትርጉም ይኖረዋል ተብሎ ከተጠረጠረ ካሴቱ ይቀራል፣ ደራሲውም ይጠየቃል። ኦርጋን ግን ምን ብሎ ይጠየቃል? ዋልያስ በ1975 «ትዝታ» የተሰኘ ካሴት አወጡ፤ የታወቁ የሕዝብ ዜማዎች በመሣሪያ ብቻ። በ1977 «ቼ በለው» የተባለው ሸክላ ተከተለ። ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ይዞ አብሯቸው ተጫወተበት። በዚህ ሸክላ ላይ ያለው «ሙዚቃዊ ስልት» የግርማ በየነ ድርሰት ነው። ያ ዜማ ከሃያ ዓመት በኋላ በአሜሪካ ባንዶች እየተደጋገመ ተጫወተ፤ ብዙዎቹ አድማጮች ማን እንደ ደረሰው ሳያውቁ ወደዱት። ሸክላው ራሱ ብርቅ ሆነ፣ ሰብሳቢዎችም በውድ ዋጋ ይፈላለጉት ጀመር።

በ1978 ኃይሉ ከዋልያስ ውጭ አንድ ሥራ አወጣ። በጊዮን ሆቴል የሚጫወተውን ዳህላክ ባንድን ይዞ «ወደ ሐረር ጉዞ» የተሰኘውን ካሴት እዚያው ጊዮን ውስጥ ቀረጸ። ሸክላ በዚያ ጊዜ እየሞተ ነበር፤ የውጭ ምንዛሪ የለም፣ ማሳተሚያ የለም። ካሴት ግን ርካሽ ነው፣ በየሱቁ ይባዛል፣ በአውቶቡስ እስከ ክፍለ ሀገር ይጓዛል። ለሙዚቀኛው መልካምም ክፉም ነበር። ዘፈኑ እስከ ሞያሌ ይደርሳል፤ ገንዘቡ ግን የሚቀረው ከሚያባዛው ሱቅ ነው። ስሙም እየተፋቀ ይሄዳል፤ ከካሴት ላይ የተገለበጠ ካሴት ሽፋን የለውም፣ ሽፋን የሌለው ካሴት ባለቤት የለውም። የኃይሉ ኦርጋን በሬዲዮ ፕሮግራም መሸጋገሪያ፣ በሻይ ቤት፣ በሠርግ ቤት ሲሰማ ኖሯል፤ ሰሚው ስሙን አያውቅም።

1981 የሕይወቱ መታጠፊያ ነው። ከኢትዮጵያ መውጣት በዚያ ጊዜ እንደ ዛሬ ትኬት መቁረጥ አልነበረም፤ የመውጫ ፈቃድ ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው። ዋልያስ ከማህሙድ አህመድና ከጌታቸው ካሣ ጋር ሆነው ወደ አሜሪካ እንዲሄዱ ተፈቀደላቸው። ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ አሜሪካን ሲዞር ይህ የመጀመሪያው ነው። አሜሪካ በ1980 የስደተኞች ሕግ አውጥታ ስለነበር ኢትዮጵያውያን በብዛት መግባት ጀምረው ነበር። አዳራሾቹን የሞሉት እነሱ ናቸው፤ ከጥቂት ዓመት በፊት ሱዳን በእግራቸው የገቡ፣ ዘመድ የተገደለባቸው፣ ዲግሪያቸውን ይዘው ሳህን የሚያጥቡ። የውጭ ሰው ለማስደመም የተዘጋጀ ጉዞ አልነበረም። ሀገር ለራሷ ልጆች የተጫወተችበት ጉዞ ነው።

ጉዞው ሲያልቅ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። አራቱ አሜሪካ ቀሩ፦ ኃይሉ፣ ሞገስ፣ መላከና ግርማ። ሌሎቹ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። የቀሩትንም የተመለሱትንም መፍረድ ለማናችንም አይገባም። ሀገር ቤት ሰዓት እላፊና ሳንሱር አለ፤ አሜሪካ ደግሞ ማንም የማያውቃቸው ከተማ።

ስለ ግርማ በየነ እዚህ ላይ ትንሽ መቆም አለብኝ። ግርማ ዘፋኝ ነው፣ ዜማ ደራሲ ነው፣ ከሁሉ በላይ አቀናባሪ ነው። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ከታተሙት ሸክላዎች ስንቶቹ በእሱ ቅንብር እንደቆሙ የሚያውቁት የሙያው ሰዎች ናቸው። በራሱ ድምፅ የተቀረጹት ዘፈኖች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ «እኔ ነኝ ባይ ማነሽ» ከእነሱ አንዱ ነው። አሜሪካ ከቀረ በኋላ ከሙዚቃ ራቀ፣ ለብዙ ዓመታት ዝም አለ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ተመለሰ፣ አካለ ውቤ የተባለው የፓሪስ ባንድ አጅቦት መድረክ ላይ ወጣ፣ በ2017 አብረው አልበም አወጡ። አንድ ባንድ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች፣ በአንድ አውሮፕላን የሄዱ፣ በአንድ ከተማ የቀሩ፤ አንዱ መሣሪያውን ዘጋ፣ አንዱ አልዘጋም። ይህን በድክመትና በብርታት ለመለካት አልደፍርም። ስደት ሁሉንም በአንድ ሚዛን አይመዝንም።

ኃይሉ ከሞገስና ከመላከ ጋር ዙላ ባንድን አቋቋመ፤ ስሙ ከአዲስ አበባው ክበብ ጋር አንድ ነው። በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች እየበዙ ነበር፤ አዳምስ ሞርጋን ሠፈር የሐበሻ ሠፈር እየሆነ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ገፋ አድርጎ ቦታ ያበጃል፣ ባንዱ ይጫወታል፣ ሰው እስክስታ ይወርዳል። ሌላ ከተማ ለሠርግ ወይም ለዘመን መለወጫ ይጠራሉ። ክፍያው ቤት አያስገዛም። ኃይሉ በዚህ መካከል ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሙዚቃ ተማረ፤ በጆሮው ያወቀውን በወረቀት ሊያየው ፈለገ።

ከዚያ 1985 መጣ፣ አንድ ካሴትም። ኃይሉ በዚያን ሰዓት ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ገደማ ነው። ባንድ አስተባብሮ ለመቅረጽ ገንዘብ ይፈልጋል፤ አሳታሚ የለውም። አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ብቻውን ገባ። ሮድስ ፒያኖ ነበረ፣ ሞግ ሲንተሳይዘር ነበረ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ገበያ ላይ የዋለው ያማሃ ዲኤክስ 7 ነበረ፣ የሚመታ የድራም ማሽን ነበረ። ከሁሉም በላይ አኮርዲዮን ነበረ። ኦርጋን ሲመጣ ያስቀመጠውን የልጅነት መሣሪያ ከብዙ ዓመታት በኋላ አወጣው። ማሽኑን ከፈተ፣ ቤዙን በሲንተሳይዘር ሠራ፣ በላዩ ላይ አኮርዲዮኑን ጨመረ። ሁሉንም መሣሪያ ራሱ እየተጫወተ፣ አንዱን በሌላው ላይ እየደረበ ቀረጸው። «ሸሞንሟናዬ»፣ «አምባሰል»፣ «ሽለላ»፣ «ሰውነቷ»፤ ዜማዎቹ የሀገር ቤት ናቸው።

ይህን ካሴት ዛሬ ስሰማው የሚገርመኝ ድራሙ ነው። ማሽን ነው፣ አይላብም፣ አይፈጥንም፣ ደርቆ ይመታል። አኮርዲዮኑ ደግሞ ይተነፍሳል፣ ይዘገያል፣ ይቀድማል። ሁለቱ ሲገናኙ አንድ ሰው በባዶ ክፍል ውስጥ ከሰዓት ጋር ሲነጋገር ይመስላል። የብቸኝነት ሙዚቃ ነው፤ ይሁንና አያለቅስም። ሽለላ በአኮርዲዮንና በሲንተሳይዘር ሲጫወት መስማት ያልለመደ ሰው መጀመሪያ ግራ ይጋባል፤ ሁለተኛ ሲሰማው ግን ጦረኛው እዚያው ነው። ብዙዎቹ የ1980ዎቹ የሐበሻ ካሴቶች ሲንተሳይዘር ሲገባባቸው ባንዱን አስቀርተው ርካሽ ድምፅ ሆነው ቀርተዋል። ይህ ካሴት ግን ያን ማሽን እንደ ጉድለት አልተጠቀመበትም። ማሽኑን ከአኮርዲዮን ጋር አጣልቶ አስማማው። በእኔ እምነት በስደት ከተሠሩ የኢትዮጵያ ሥራዎች ሁሉ በፊት የሚጠራ ነው።

ካሴቱ ወደ ኢትዮጵያ ሄደ፣ ተሰማ፣ ተባዛ፣ እንደተለመደው ስሙ እየደበዘዘ በየከተማው ተበተነ። ኃይሉ ከዚያ የሚኖርበት ገንዘብ አላገኘም።

ዙላ ባንድ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቆመ። ኃይሉ ለጥቂት ዓመታት የምሽት ክበብ ሥራ ሞከረ። ከዚያ ታክሲ ያዘ፤ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የሚሠራ፣ የራሱ ታክሲ። በዋሽንግተን ያለ የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ታክሲን ያውቀዋል። ልጆች በእሱ ተምረዋል፣ ሀገር ቤት ቤት በእሱ ተሠርቷል፣ ዶክተሩም መሐንዲሱም የቀድሞ መኮንኑም አንድ ጊዜ መሪ ጨብጧል። ባለ ታክሲ የራሱ ጌታ ነው፤ ሲፈልግ ይወጣል፣ ሲፈልግ ይገባል። መሣሪያውን ራሱ ገዝቶ ከባለ ክበብ ነፃ የወጣ ሰው ታክሲ መምረጡ ለእኔ አይገርመኝም።

ፈረንጆቹ እንደ ድንቅ የሚጽፉት ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። አውሮፕላን ማረፊያ የታክሲ ተራ ረጅም ነው። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት መጠበቅ አለ። ሌላው ሹፌር ይተኛል፣ ጋዜጣ ያነባል፣ ስለ ፖለቲካ ይከራከራል። ኃይሉ የመኪናውን የኋላ ዕቃ መጫኛ ከፍቶ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ያወጣል፣ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ይለማመዳል። ጭንቅላቱ ውስጥ የመጣ ዜማ ካለ ይይዘዋል። ተራው ሲደርስ ኪቦርዱን ዕቃ መጫኛው ውስጥ መልሶ መንገደኛ ይጭናል። ይህን ያደረገው ለሳምንት ወይም ለወር አልነበረም፤ ለዓመታት ነው። የሚሰማው ሰው አልነበረም፣ የሚከፍለውም አልነበረም፣ ወደፊት መድረክ አገኛለሁ ብሎም አይደለም። ሙዚቀኛ ስለሆነ ተለማመደ። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ጠፍቶ ነበር ይባላል?

ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴቶችን የሚሰበስብና ዳግም የሚያሳትም ሰው ነው። ባሕር ዳር ሄዶ ሳለ በአንድ ካሴት መሸጫ ውስጥ የ1985ቱን ካሴት አገኘ። ሰማው፣ ወደደው። ባለቤቱ በሕይወት እንዳለ ለማወቅ ስሙን ፈለገ፣ የስልክ ቁጥር አገኘ፣ ደወለ። ኃይሉም ስልኩን አነሣ። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር። ሥራው በ2013 እንደ አዲስ በሸክላ፣ በሲዲም በዲጂታልም ወጣ፤ ትርፉም በአሳታሚውና በሙዚቀኛው መካከል እኩል የሚካፈል ነበር። ከ1978ቱ የሱቅ ካሴት ገበያ ጋር ሲነጻጸር ይህ ክፍፍል ትልቅ ነገር ነው፣ ሺምኮቪትዝም ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ይቆረቁራል። ያ ካሴት ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ያህል ነበር። ኃይሉም ዋሽንግተን ውስጥ በየቀኑ ሐበሻ ያገኝ ነበር። መደወል የሚችል ሰው በመካከላችን ሞልቶ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ነገሮች ፈጠኑ። በ2014 «ቼ በለው»፣ በ2016 «ወደ ሐረር ጉዞ»፣ በ2021 «ትዝታ» ዳግም ታተሙ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ አውሮፓ፣ አውስትራሊያ፣ አሜሪካ። በውጭ ጉዞው ከአውስትራሊያዊው ከበሮ መቺ ከቶኒ ባክና ከቤዝ ተጫዋቹ ከማይክ ማይኮቭስኪ ጋር፣ በአሜሪካ ደግሞ ከአለምሰገድ ከበደና ከኬኔዝ ጆሴፍ ጋር ተጫወተ። ሦስት ሰው ብቻ፤ ኪቦርድ፣ ቤዝ፣ ድራም። አዳራሹ አሁን የተሞላው አማርኛ በማያውቁ ወጣቶች ነው፤ እነሱም ግጥሙን ሳይጠይቁ ዜማውን ይከተላሉ። በ2016 ብሩክሊን ውስጥ የተጫወተው ምሽት ተቀርጾ በ2023 ወጥቷል፤ ሰባ ዓመት የሞላው ሰው እንዴት እንደሚጫወት መስማት የሚፈልግ እሱን ይስማ።

የድሮ ሥራ ዳግም ሲታተም አንድ አደጋ አለ። ሙዚቀኛው የራሱ ሐውልት ጠባቂ ይሆናል፤ ያንኑ የ1977 ዘፈን እየደገመ ያረጃል። ኃይሉ በዚህ አልወደቀም። በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ። «ትዝታ» አለበት፣ «አዲስ ናት» አለበት፣ «አንቺሆዬ ለኔ» አለበት። መጨረሻ ላይ ያለው «የፍቅር እንጉርጉሮ» ግን ከሁሉ ይለያል፤ ባንድ የለም፣ ማሽን የለም፣ ሰውየውና ፒያኖው ብቻ። ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወት የኖረ ሰው ሲደክመው ለራሱ የሚጫወተው ይመስላል። በ2020 «የኔ ምርጫ» ተከተለ። በእሱ ላይ የአስናቀች ወርቁን ዜማ ከቴዲ አፍሮ «ሸመንደፈር» ጋር በአንድ አልበም አስቀመጣቸው። ለእሱ ትውልድ መካከል አጥር የለም። ሳክስፎን የነፋው ደግሞ ሞገስ ሀብቴ ነው፤ በ1981 አብረው የቀሩት ያው ሞገስ። አርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ሁለቱ እንደገና አንድ ቀረጻ ላይ ተገናኙ።

በዚህ ሁሉ መካከል ኃይሉ ታክሲውን ወዲያው አልተወም። ከአውሮፓ መድረክ ተመልሶ ደለስ ተራ ይይዝ ነበር። ጋዜጠኞች ይህን ሲጽፉ በሐዘን ቃና ነው። እኔ ሐዘን አይታየኝም። አሳታሚ ሳይኖረው ካሴት የቀረጸ፣ ባንድ ሲፈርስ ብቻውን የተጫወተ፣ መድረክ ሲጠፋ መኪና ውስጥ የተለማመደ ሰው ነው፤ እንጀራውን በማንም እጅ ላይ አላስቀመጠም፣ ስለዚህም ማንም ሊወስድበት አልቻለም።

አሁን ለአንባቢ አንድ ነገር ልበል። ዋሽንግተንም፣ ሎስ አንጀለስም፣ ቴል አቪቭም፣ ስቶክሆልምም፣ አዲስ አበባም ያላችሁ፦ በየቤታችሁ ሳጥን ውስጥ የቆየ ካሴት ይኖራል። አትጣሉት። ሽፋኑ ካለ አንብቡት፤ ከዘፋኙ ስም ሥር በትንሽ ፊደል የተጻፈውን ኦርጋን ተጫዋች፣ ቤዝ ተጫዋች፣ ዜማ ደራሲ ተመልከቱ። ብዙዎቹ በሕይወት አሉ፤ አንዳንዶቹ እናንተው ቤተ ክርስቲያን ወይም ዕድር ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጡ ናቸው። ጠይቋቸው፣ ድምፃቸውን ቅረጹ፣ ማን ምን እንደ ተጫወተ ጻፉ። የዋልያስን አባላት ስም ከነመሣሪያቸው መዘርዘር የቻልነው አንድ ሰው በጊዜው ጠይቆ ስለጻፈው ነው። ከዳህላክ ባንድ፣ ከሌሎቹ የሆቴልና የክበብ ባንዶች መካከል ገና ያልተጠየቁ አሉ፤ እነሱም በዕድሜ ገፍተዋልና ጥያቄው ለከርሞ የሚተው አይደለም።